መቀነታሙ ግንብ

ሰፈሩ «ጋሽ ቱምቢ» ይላቸዋል፤ አርባ ዓመት ሲገነቡ አንድም ግድግዳቸው ቀጥ ማለቱን ከሚለኩበት ከቱምቢው ገመድ ፈቀቅ ብሎ አያውቅምና። ምድር የተንቀጠቀጠች ዕለት ግን የገዛ ቤታቸው የፊት ክፍል በሴት ልጃቸው አልጋ ላይ ተደረመሰ። ደግነቱ ልጅቱ ውጭ ልብስ ታሰጣ ነበር። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አክስቷ ስትሄድ፣ «አባዬ፣ አንተን አይደለም፤ ግንብህን ነው የፈራሁት» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ። የሚያነጋግራቸው ሬዲዮናቸው ብቻ ነው። ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ሲል፣ «አብሮ ይስጥልን ልጄ» ብለው ይመልሱለታል።

አንድ ቀን ያንኑ ግድግዳ በዚያው ድንጋይ መልሰው ሲገነቡ፣ አንድ አላፊ ወጣት በአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ከተከመረው አሮጌ እንጨት ዘንድ ቆመ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ አናጢ ነበር።

«እንደምን ዋሉ አባባ። ይህ እንጨት ከየት የመጣ ነው?»

«ከዚሁ ቤት። ለማገዶ ከሆነልህ ውሰደው።»

«ኧረ ይሄስ ማገዶ አይደለም! ጫፉን ይዩት፤ ሌላውን እንዲነክስ ሆኖ ተጠርቧል። ግንብ ውስጥ ተጋድሞ የኖረ ነው፣ አይደል?»

ጋሽ ቱምቢ የግንበኛ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አባቴ ነው የከተተው። ሰው ‹መቀነታሙ ግንብ› እያለ ሲስቅበት እኔ አፍር ነበር። ሲሞት ግድግዳውን እየቦረቦርኩ እንጨቱን አወጣሁና ቦታውን በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንኩት። ጥርት ያለ ግንብ ሆነ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ፍርስራሹ እያመለከቱ።

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ድንጋይ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፤ ምድር ወደ ጎን ስትወዘውዘው ግን ምን ያያይዘዋል? እንጨት ይለመጣል፣ ይመለሳል። በግድግዳው ውስጥና ውጭ ፊት ሁለት ረጃጅም እንጨት አጋድመው በመሃል እርብራብ ቢመቱባቸው፣ የተኛ መሰላል ማለት ነው። ከታች ወደ ላይ በየሁለት ክንዱ እንዲህ ያለ መሰላል በማዕዘኑ ላይ ተናክሶ ቤቱን ዙሪያውን ያስረዋል።»

«አንተ አናጢ ስለሆንክ ሁሉ ነገር እንጨት ይመስልሃል!»

«እርስዎስ ግንበኛ ስለሆኑ…» ብሎ አፈረና ተወው።

«ጨርሰው እንጂ!» ጋሽ ቱምቢ ሳቁ። ከሰው ጋር ከሳቁ ቆይተው ነበርና ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «እሺ፣ ምስጡስ?»

«ከመሬት በደንብ ከፍ ይበል፤ ከሥሩ ድንጋይ ብቻ ይሁን፤ ዝናብም እንዳይደርስበት ጣሪያው ወጣ ይበል። ይህ የአባትዎ እንጨት ይህን ሁሉ ዘመን ኖሯል፤ ምስጥ የበላውን አንድ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ፈለጉ፤ አጡ።

«አሁን የሚያድሩትስ የት ነው?»

«ከኋላ፣ ጓዳው ውስጥ። ትንሽ ስለሆነ ሳይወድቅ ቀረ።»

ገብተው አዩት። ወጣቱ አስፈቅዶ ከአልጋው ራስጌ ልስኑን በመዶሻ ቀስ አድርጎ ፈለጠው፤ ከሥሩ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የተጋደመ እንጨት ብቅ አለ። ጋሽ ቱምቢ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ እንጨቱን ሲያወጡ ሟች ባለቤታቸው በዚህ ክፍል ታመው ተኝተው ነበር፤ አቧራው እንዳያስላቸው ሲሉ ይህችን ጓዳ ብቻ ሳይነኩ ትተዋት ነበር።

«ለካ እስከ ዛሬ ያስተኛኝ አባቴ ነው» አሉ። አልጋውን እየዳሰሱ ደግሞ፣ «እሷም» አሉ።

ሰው የማያውቀውን ቢስት አይገርምም፤ የሚያሳዝነው የነበረውን በይሉኝታ ሲጥል ነው። ጋሽ ቱምቢ የጀመሩትን ግድግዳ በማግስቱ አፈረሱ። አንዱ እየጠረበ ሌላው እየገነባ፣ በሚገባ እየተጨቃጨቁ፣ በሦስት ሳምንት ጨረሱ። በአባታቸው ግንብ ስቀው ከነበሩት ጎረቤቶችም ሁለቱ እንጨት ሊያስጠርቡ መጡ።

ልጅቱ ሻንጣዋን ሳትይዝ መጣችና ግድግዳውን ትክ ብላ አየችው።

«ልስኑን አልጨረስክም እኮ።»

«ሆን ብዬ ነው፤ መቀነቱን እንድታዪው። ምድር ብትነቃነቅ አይሰነጠቅም ብዬ አልዋሽሽም፤ ይሰነጠቃል። ግን ቶሎ አይናድብሽም፤ ሮጠሽ ለመውጣት ጊዜ ይሰጥሻል። ስንጥቁን እኔ እደፍነዋለሁ።»

ልጅቱ መዳፏን በእንጨቱ ላይ እያስኬደች ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ሄደች።

«አልጋዬ በየት በኩል ይሁን?» አለች።

የዚያን ቀን ዜና አንባቢው «ጤና ይስጥልን» ቢል፣ የመለሰለት ሰው አልነበረም።