ሠላሳ አንደኛዋ ሠራተኛ
ይህን ሳወራችሁ አሁንም አፍራለሁ። እስራኤል አገር፣ ኪርያት አርዬ በሚባል የፋብሪካ ሰፈር ባለ አንድ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ሰንጠረዥ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በኮምፒውተር ሠርቼ፣ ፕሪንት አድርጌ መግቢያው በር ላይ እለጥፋለሁ። እማማ ትርንጎ የሚባሉ አዲስ ሠራተኛ እሑድም ሰኞም ቀሩብኝ። ለአለቃዬ «ሳይናገሩ ቀሩ» ብዬ ከከሰስኳቸው በኋላ ደወልኩላቸው።

«ልጄ፣ ስሜን ከወረቀቱ ላይ አጣሁት። ያሰናበታችሁኝ መስሎኝ ነው» አሉኝ።

ስማቸው ኮምፒውተሩ ላይ ፊት ለፊቴ ይታየኛል። «አለ እኮ! ማንበብ ካልቻሉ ሰው አይጠይቁም?» ብዬ ጮህኩባቸው።

በአውቶቡስ መጡ። በሩ ጋ ወሰዱኝና ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እያወረዱ፣ በዕብራይስጥ የተጻፈውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ አነበቡልኝ። ሠላሳ ስም ነው፤ የሳቸው የለም። ሮጬ ኮምፒውተሩን ሳየው፣ ከሠላሳኛው መስመር በታች ያለው ፕሪንት እንዳይሆን ከወራት በፊት ራሴ ገድቤ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ሠላሳ አንደኛ ነበሩ።

አስተካክዬ አዲሱን ስለጥፍ አለቃዬ መጣና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ።

«ፕሪንተሩ ተበላሽቶ ነበር» አልኩት።

እማማ ትርንጎ አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል። ቀና ብለው አዩኝ። «በሰደር፣ ልጄ» አሉኝ፤ በዕብራይስጥ «እሺ፣ ይሁን» ማለት ነው። ከዚያ ሽርጣቸውን ሊያስሩ ገቡ። ይቅርታ እንኳ አላልኳቸውም።