የፀሐይ ፊት በነጭ ወረቀት ላይ

ዓርብ ከሶላት መልስ ወደ ቤቴ ሳቀና፣ ጎረቤቴ አጎት ሸዋርቢ ጠፍጣፋው ጣሪያቸው ላይ ቆመው የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩ አየሁ። በዓባይ ዳር፣ በኤስና ወደብ ጀልባ ሲመሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አንዱ ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። በራቸው ላይ ቄና ከተማ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማረውን የወንድማቸውን ልጅ ናግላን አገኘኋትና ደረጃውን አብረን በሩጫ ወጣን።

«አጎቴ፣ ያውርዱት!» አለች ናግላ።

«ምን ሆንሽ? የራጅ ፊልም ለጥፌበታለሁ። ሬዲዮው ፀሐይ ላይ ትልቅ ጥቁር ነጥብ ታየ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ጀርባዬን ስትጠብሰኝ ኖራ፣ ፊቷን ሳላያት ልሙት?»

«ፊልሙ ብርሃኑን ያደበዝዛል እንጂ የማይታየውን ጨረር አያግድም። መነጽሩ ደግሞ ሰብስቦ ዓይንዎ ውስጥ ይከተዋል።»

«አባቴ በጥላሸት መስታወት ያዩ አልነበር? ምን ሆኑ?»

«ተርፈው ይሆናል። ግን የዓይን ውስጡ ሲቃጠል አያምም፤ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ለእርስዎ የቀረዎት ደግሞ አንድ ዓይን ነው።»

ሽማግሌው መነጽሩን አወረዱ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። «እንግዲህ ፀሐይ ማየት የባለጸጋ ነው በይኛ! ትልቅ ቴሌስኮፕ ከየት ላምጣ?»

«እጅዎ ላይ ያለውስ!» ብላ ሳቀች።

ፊልሙን ላጠችው፤ የመነጽሩን አንድ ዓይን ከደነች፤ ሌላውን በተበሳ ካርቶን አሾልካ ወንበር ላይ አሰረችው። «በዚህ ውስጥ ማንም እንዳያይ!» ብላ አስጠነቀቀችን። ከበስተኋላው ነጭ ወረቀት ስትይዝ፣ የብርሃን ክብ ወረቀቱ ላይ አረፈ። መካከሉ ላይ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ነበሩ።

«ትልቁ ምድራችንን ይውጣል» አለች።

«ሱብሐነላህ!» አሉ አጎት ሸዋርቢ በሹክሹክታ። እኔም መምህር ነኝ ባይ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «በዓይኔ ላያት ብፈልግስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ፣ የተመሰከረለት የወረቀት መነጽር አለ፤ ዋጋው ቀላል ነው። እሱን አድርገው ግን በሩቅ ማያው እንዳያዩ። ለሩቅ ማያው የፀሐይ ማጣሪያ ይገዛና ከፊት፣ በፀሐይ በኩል ይገጠማል። የወረቀቱ ዘዴ ግን ወጪ የለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንዴ ያያል፤ የማንም ዓይን አይጎዳም።»

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። ተሸነፍኩ።»

ይህን ስንነጋገር ክቡ ከወረቀቱ ጠርዝ ደርሶ ነበር። «መነጽሩ ተንሸራተተብሽ» አሏት።

«አልተንሸራተተም፣ አጎቴ። ምድር እየዞረች ነው። የምንሄደው እኛ ነን።»

ሽማግሌው የጣሪያውን ጠርዝ ግንብ ጨብጠው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ብርሃኑ ከወረቀቱ ወርዶ እስኪጠፋ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ከጀልባ የወረድኩ መስሎኝ!»