ወደ አቦቦ የሄደው መኪና

ግቢ እንጂ እሙዬ! ምነው በር ላይ ቆምሽ? ነይ እዚህ ጥላው ስር አረፍ በይ። እናቴ አጠገብ ያለውን ተይው፣ ይሄኛው በርጩማ ይሻልሻል። የዛሬው ሙቀት እንዴት ነው ባክሽ? መብራቱም እንደሄደ ቀረ። እናንተ ጤና ጣቢያ ጄኔሬተር አላችሁ፤ እኛ መስኮት ከፍተን ነው የምንውለው። መስኮት ሲከፈት ደግሞ ንፋስም ይገባል፣ ወሬም ይገባል... ምን ይደረጋል።

ቀስ ብለሽ አውሪ ታዲያ፤ እንግዳችን ውስጥ ጋደም ብሏል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የጋምቤላን ሙቀት የት ይችለዋል? በአማርኛ የማወራው ደግሞ ለአንቺ ብዬ ነው። በአኝዋክኛ ባወራማ እዚህ ቤት ወሬው የማይገባው ሰው ይኖር ነበር... አንቺን ማለቴ ነው እሙዬ። ሌላ ማን አለ?

ይሄን ዓሣ አየሽው? ዛሬ ጠዋት ከባሮ የወጣ ነው። ለእንግዳችን ብዬ ነበር የገዛሁት፤ ሆቴል በልቶ መጣ። ዋናው መብላቱ ነው፣ የት በላ አይባልም። ማታ እኔና አንቺ እንጨርሰዋለን።

እኔ የምልሽ... አንድ ሰው አለ፤ ስሙን ተይው። እንዴት ያለ አገሩን የሚወድ ሰው መሰለሽ! በልጅነቱ አጎቱ አዲስ አበባ ወስዶ አሳደገው፣ ተማረ፣ ትልቅ ሰው ሆነ። ሰሞኑን ከስንት ዓመት በኋላ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። ከአውሮፕላን እንደወረደ መጀመሪያ የሄደው የት ይመስልሻል? ባሮ ድልድይ! ፀሐይ ልትጠልቅ ነዋ። ፀሐይ ሰው ትጠብቃለች እንዴ? እናት ግን ትጠብቃለች። ጠባይዋ ነው።

እናቲቱ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገና ሳይመጣ አስተርጓሚ ፈልጋ በስልክ «አቦቦ ውሰደኝ» አለችው። ባሏ የተቀበረው እዚያ ነው፣ የድሮ ግቢያቸውም እዚያው። ጉልበቷ ጨርሶ ሳይከዳት አንድ ጊዜ መቃብሩን ልታይ፣ አረሙን በእጇ ልትነቅልለት ነው። «እሺ እማ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አላት። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው እኮ... መኪናውን ተከራይቶ ይዞ መጣ።

ትናንት ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆመ። እሷ ገና ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ጫማ እኮ ነው የምልሽ! እግሯ ስለሚያብጥ ከፋሲካ ወዲህ አድርጋው አታውቅም። ግን መኪና እንደምታውቂው ጠባብ ነው። ከሾፌሩ ሌላ አራት ሰው ይይዛል። እሱ አለ፣ አብረውት የመጡት ሁለቱ ጓደኞቹ አሉ፣ አራተኛው ቦታ ላይ ካሜራው ከነሻንጣው ተቀምጧል። ካሜራ ደግሞ ይሰበራል፤ ሰው ጭን ላይ አይያዝ፣ መሬት ላይ አይጣል። አሮጊት ቻይ ናት። «በሚቀጥለው እማ» ብሎ ግንባሯን ሳማት፣ ጓደኛው ስትሳም አነሳት። ፎቶው እንዴት አምሮ እንደወጣ ብታዪ... ጫማዋም ይታያል።

አንቺ ደግሞ እናቴን ምን ታዪያታለሽ? ስለ እሷ እያወራሁ እንዳይመስልሽ! እሷ ንፋስ ፍለጋ ነው በር ላይ የተቀመጠችው። ቀሚሷማ... ዕድሜ ሲገፋ ቀን ይምታታል፤ ዛሬም እሁድ መስሏት ይሆናል።

የአቦቦ መንገድ ደግሞ በዚህ ወር ነው መታየት ያለበት። ሳሩ ከሰው በላይ፣ አልዌሮ ወንዝ ሞልቶ፣ ሰማዩ ታጥቦ። ሁሉንም ቀርጾታል። እየሄደ «ይሄን መንገድ እግሬ ያውቀዋል» ሲል ይሰማል። ውሸት አይደለም። ሕፃን ሆኖ ወባ ሲጥለው ከአቦቦ እስከ ጋምቤላ የመጣው በዚሁ መንገድ፣ በእናቱ ጀርባ ላይ ነው። እንግዲህ የታዘለ ሰው እግርም መንገድ ያጠናል ማለት ነው! የእሷ እግር ረስቶት ይሆናል፤ ለዚህም ይሆናል የተዋት።

የድሮው ግቢ የት እንደነበር አጥርቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው በር ላይ ቀርቷል። ቢሆንም የተማረ ሰው መንገድ አይጠፋውም፤ ስልኩ እየመራ አንድ ትልቅ ማንጎ ስር አደረሰው። አባቱ ማንጎ ስር መቀበሩን ያስታውሳላ! አቦቦ ውስጥ ስንት ማንጎ አለ ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ብቻ ነው። ተንበርክኮ፣ ግንዱን አቅፎ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነው፣ አልዋሽም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው ያለቀሰው፤ በመጀመሪያው ፀሐይዋ ካሜራው ፊት ነበረች መሰለኝ። ሲመለስም ከግንዱ ስር አፈር ቆፍሮ ብልቃጥ ሙሉ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ሳሎኑ ውስጥ ሊያስቀምጠው።

ማታ ቪዲዮውን ለእናቱ አሳያት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ደጋግማ አየችና በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። «ምን አለች? መረቀችኝ?» አለ። እዚያው አጠገባቸው የነበረች አንዲት ክፉ ሴት፣ ማን እንደሆነች እንጃ፣ «አዎ፣ መርቃሃለች። አፈሩን አደራ እንዳትጥለው ብላለች» ብላ አስተረጎመችለት።

እናቲቱ ያለችውማ... ቆይ፣ አንቺ የጤና ባለሙያ አይደለሽ? እስቲ ልጠይቅሽ። ድሮ እዚያ ሰፈር ጥጥ ይለቀም በነበረ ጊዜ ያ ሁሉ የቀን ሠራተኛ ድንኳን ውስጥ ነበር የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት ውኃ በጣሳ ይዞ ተሰልፎ ወዴት ይሄድ የነበረ ይመስልሻል? ጉድጓዱ ሲሞላ አፈር መለሱበትና ማንጎ ተከሉበት። ከዚያ ወዲያ በአቦቦ እንደዚያ ማንጎ የለመለመ አልታየም... አትሳቂ እንጂ! ሰው ተኝቷል። እኔ ስለ ማንጎ ነው ያወራሁት። አፈር ያው አፈር ነው። ብቻ ብልቃጡን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ይሄን እንኳ አንቺም ትመክሪዋለሽ።

እኔም ትናንት ስስቅ ነው ያደርኩት፤ ዛሬ ግን ሳቄ ጠፋ። መቃብሩ ከዚያ ማንጎ እኮ ሩቅ አይደለም። እናቲቱ መኪናው ውስጥ ብትኖር በጣቷ ታሳየው ነበር። አባቴ እንደዚያ አረም ውጦት፣ ልጁ እዚያው ማዶ ሌላ ዛፍ አቅፎ ሲያለቅስ... አባቴ አልኩ እንዴ? የሰውዬውን አባት ማለቴ ነው። ሙቀቱ ነው የሚያስቀባጥረኝ።

አውሮፕላኑ ነገ ከሰዓት ነው አሉ። መኪናው እስከዚያ ድረስ የእሱ ነው፤ ያውልሽ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ጠዋት በጊዜ ቢወጡ አቦቦ ደርሶ መመለስ ምን አላት? ግን ነገ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ባሮ ላይ ጉማሬ ሊያዩ ተቀጣጥረዋል። አይፈረድበትም። ጉማሬ ሁልጊዜ አይገኝማ... እናት እንደሆነች ሁልጊዜ አለች።

ምንድን ነው የተንቋቋው? አልጋው ነው? ነቅቶ ይሆን እንዴ? ተኝቶም ይሁን ነቅቶ፣ ሰው አንስቶ ሳይመርቁ መነሳት ነውር ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ልክ እንደ እናቱ ያለ ረጅም ዕድሜ። ልጆችም ይስጠው፤ እንደ እሱ ያሉ፣ ቁርጥ እሱን፣ አገራቸውን የሚወዱ ልጆች። ለልጆቹም ከዚህ የሰፋ መኪና ይስጣቸው፤ ጓደኞቻቸውም ካሜራቸውም ሳይጨናነቅ የሚገባበት። ግንባሩን የሚስም አያሳጣው። ለእሱም እግሩ ሲያብጥ የማይጠብበው ጫማ ይግዙለት፤ በር ላይም ንፋስ የሚነካው፣ መንገዱ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጥሩ ወንበር ያውጡለት።

አሜን በይ እንጂ እሙዬ... ከፍ አድርገሽ።