«ፍላጎት ስላልነበረን»

በደርግ ጊዜ ከላሊበላ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ገጠር የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ። ያን ዓመት በጦርነቱ የተነሳ በጀት ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጠመኔ አልቆብን በነጭ አፈር ጓል እየጻፍን አስተማርን። ሰኔ ሠላሳ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «በጀታችሁ ተፈቅዷል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተጠቀማችሁበት ለመንግሥት ተመላሽ ይሆናል» ይላል። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ወደ ላሊበላ ገሰገስኩ።

ደብዳቤውን የላኩልን የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ሹም ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ተመላሽ ሆኗል መምህር። አሁን ያልተጠቀማችሁበትን ምክንያት ጻፍና ፈርም» አሉኝ። «ደብዳቤው የደረሰን ትናንት ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህማ ጥፋቱን ወደኔ ያመጣዋል። ‹ፍላጎት ስላልነበረን› በል።»

«በአፈር እያስተማርን እንዴት እንዲህ ልበል ጋሼ?»

«ስድስት ልጆች አሉኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዚህ ጊዜ አጠፋ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ አንተም ታውቃለህ።»

የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደድኩና እንዳሉኝ ጽፌ ፈረምኩ። ስወጣ ተከትለውኝ መጡና ከኮታቸው ስር ሁለት ፓኮ ጠመኔ አውጥተው አስያዙኝ። «ከመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ነው፤ ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ። ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን የሚመጣው ዓመት በጀት ሲደለደል ያቺ የፈረምኳት ወረቀት እንደምትወጣብን እያሰብኩ ዳገቱን ተያያዝኩት።