አባቴ መሪውን የጨበጡ ለት

አሰላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የአባቴን አሮጌ ቮልስ እያደስኩ ነበር። የፊት ጎማውን ፈትቼ፣ በክሪክ ብቻ አንስቼው፣ ሥሩ በጀርባዬ ተኝቼ ብሎን ሳጠብቅ የመኪናው በር ተከፈተና አባቴ ገብተው መሪው ጋ ተቀመጡ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከሥራቸው መኖሬንም አላወቁም። ክሪኩ በዝናብ በራሰው መሬት ላይ ቀስ እያለ ሲያዘነብል አየሁት። «አባዬ፣ እባክዎ አይነቃነቁ» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው መሪውን ወዲያ ወዲህ እያዞሩ ስለ ድሮው የጢቾ መንገድ ለራሳቸው ያወራሉ። ብረቱ ወርዶ ደረቴ ላይ አረፈ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። በያዝኩት መፍቻ ከእግራቸው ሥር ያለውን ላሜራ ደበደብኩ። «እሰይ፣ ሞተሩ ተነሳ» አሉ ደስ ብሏቸው።

ድብደባውን ሰምታ ባለቤቴ ከቤት ወጣች። ጎንበስ ብላ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ግን አልጮኸችም። የአባቴን እጅ ይዛ ቀስ አድርጋ አወረደቻቸው። ብረቱ ትንሽ ቀለል ሲልልኝ ሸሚዜ እየተቀደደ ተንፏቅቄ ወጣሁ፤ ክሪኩም ወዲያው ወደቀ። አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው «ምነው አጠፋኸው?» አሉኝ። አሁን መኪና ሥር ስገባ በወፍራም ግንድ እደግፈዋለሁ፤ አባቴንም እግራቸው ከሚታየኝ ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ።