የጥሎሹ ሐብል ቻናል ላይ

(ኮተቤ፣ የሙሽራዋ የረድኤት ቤተሰብ ቤት፤ ጥሎሽ በቀረበ ማግስት፣ ሠርጉ ነገ ነው፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ረድኤት ታላቅ እህቷ ትርሲት ክፍል ገብታ በሩን ዘግታለች።)

ረድኤት፦ አጥፊው ነው የምልሽ እቴ፣ አሁኑኑ።

ትርሲት፦ የቱን? ዛሬ ቻናሌ ላይ ሁለት ነገር ነው የለጠፍኩት። አንዱ ሽንኩርት ሲከትፉ የሚያደርጉት መነጽር ነው፤ ዓይን አያስለቅስም ይላሉ። እሱን ነው?

ረድኤት፦ ሐብሉን።

ትርሲት፦ እሱንማ ሰው ወዶታል። መነጽሩን ዞር ብሎ ያየው የለም።

ረድኤት፦ የኔን ጥሎሽ ነው እኮ የለጠፍሽው።

ትርሲት፦ ስምሽን ጽፌያለሁ? የሙሽራሽን የናሁሠናይን ስም ጽፌያለሁ? ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ «አንዱ ከሙሽራ ቤት፣ አንዱ ከኢንተርኔት ሱቅ፤ ልዩነቱን ላገኘ ሽልማት አለው» አልኩ። እስካሁን ያገኘ የለም።

ረድኤት፦ ሚዜው ከፍ አድርጎ ሲያሳይ የቀረጽሽው ነው። የእጅ ሰዓቱ ሳይቀር ይታያል። ትናንት እዚህ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ትርሲት፦ ሰዓቱም ከዚያው ሱቅ ነው፤ ፈልጌ አገኘሁት። ለነገ ጠዋት አስቀምጬዋለሁ።

ረድኤት፦ ለእማዬ እነግራታለሁ።

ትርሲት፦ ንገሪያት። ያለ መነጽሯ ስላየችው የማን እንደሆነ ሳታውቅ ለጽዋ ማኅበሯ በሙሉ ልካዋለች። «ልጆቼ፣ ዘንድሮ ወርቅ ስትገዙ ተጠንቀቁ» ብላበታለች።

ረድኤት፦ አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?

ትርሲት፦ ሰው እንዳይታለል የምደክም ሰው ነኛ። ፎቶው ላይ የሳሎን ምንጣፍ ይመስልሻል፤ ቤትሽ ሲደርስ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይሆናል። ከሥሩ የሚያሞጋግሱት ደግሞ ሁሉም የሻጩ ዘመዶች ናቸው። እኔ የማሳየው ይሄንን ነው። አሁንማ ቀላል ሆኗል፤ ዕቃውን ፎቶ አንስተሽ ስትጠይቂው ስልኩ መንትያውን ከነሱቁ ያመጣልሻል። ትናንት አክስታችን ዘነቡ ሐብሉን በመዳፏ እየመዘነች «ይከብዳል፣ የድሮ ወርቅ ነው» ስትል ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ረድኤት፦ እናቱ አጠገቧ ነበሩ። እሳቸው የእውነት ነው የመሰላቸው።

ትርሲት፦ አይቻለሁ። ሳጥኑን ሳሙት፣ አለቀሱ። እሱንም ቀርጬዋለሁ።

ረድኤት፦ አልለጠፍሽውም አይደል?

ትርሲት፦ ገና ነው።

ረድኤት፦ ስሚኝ፣ በእናትሽ። ናሁሠናይ ይሄ ነገር ከታወቀ በዘመዶቻችሁ ፊት አልቆምም ብሎኛል። ካየው ነገ አይመጣም። ገባሽ? ነገ ሙሽራ ሳይኖር ነው ድንኳኑ የሚሞላው።

ትርሲት፦ የሐሰት ወርቅ ሲያቀርብ የቆመ እግር ነገ ምን ይሆናል?

ረድኤት፦ እሱ አይደለም የገዛው። እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ እ?

ረድኤት፦ ያጠራቀመውን በሙሉ ለእናቱ ዓይን ማሳከሚያ አወጣው። «ያለኝ አንድ ቀሚስና አንድ ጫማ ነው፣ እሱን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የዚህን ቤት አፍ ስለማውቀው። ከኢንተርኔት መርጬ፣ ዱባይ የምትመላለስ ጓደኛዬ አመጣችልኝ። አልቀበልም ብሎ ስንት ቀን ተጣልተናል። ለምኜ፣ አልቅሼ ነው ያስያዝኩት። አሁን አጥፊው።

ትርሲት፦ አውቃለሁ።

ረድኤት፦ ምኑን?

ትርሲት፦ አንቺ እንደገዛሽው። ሳሎን ባለው ታብሌት ነው የፈለግሽው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜና ልይ ስል ይሄው ሐብል፣ የምግብ አሠራር ልይ ስል ይሄው ሐብል። እነዚህ ነገሮች አንዴ ምን እንዳማረሽ ካወቁ ለቤተሰቡ ሁሉ ነው የሚያሳብቁት። ትናንት ሚዜው ሳጥኑን ሳይከፍተው ውስጡ ምን እንዳለ አውቄዋለሁ።

ረድኤት፦ እያወቅሽ ለጠፍሽው።

ትርሲት፦ እያወቅኩ። ከፈለግሽ ድንኳኑ ጋ ውጪና ለነአጎታችን ጋሼ ተስፋሁን «የገዛሁት እኔ ነኝ» በያቸው፤ ያኔ አጠፋዋለሁ።

ረድኤት፦ ምን አድርጌሽ ነው?

ትርሲት፦ መርሻ ለኔ ጥሎሽ ይዞ የመጣ ቀን የት ነበርሽ?

ረድኤት፦ እዚሁ ነበርኩ።

ትርሲት፦ ሶፋው ላይ፣ ከነዘነቡ ጋር። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ ጃንጥላ። ጋሼ ተስፋሁን «ስጦታው ዕቃው ነው ወይስ ሻንጣው?» ሲል በትራስ ተሸፍነሽ ሳቅሽ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። ከዚያ ሰውየው ቀረ፣ ሠርጌ ቀረ። ያኔም ኢንተርኔት ነበረ። ያኔም ዱባይ የምትመላለስ ጓደኛ ነበረችሽ። ለኔ ግን የሐሰት ወርቅ እንኳን ያዘዘልኝ የለም።

ረድኤት፦ ይሄን ሁሉ ዓመት እኛ ስለሳቅን የቀረ ነው የሚመስልሽ?

ትርሲት፦ መምሰል አይደለም። ነው።

ረድኤት፦ ከዚያ በኋላ መጥቶ ነበር። አንቺ ሥራ ሄደሻል። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ ውሸትሽን ነው።

ረድኤት፦ አልገባም አለ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ጃንጥላው ቻናልሽ ላይ ነበር። «ለሙሽሪት የቀረበ፤ ዝናብ እስካልመጣ ድረስ ጥሩ ነው» ብለሽ ጽፈሽበታል። «ዘመዶቿ ቢስቁ ምንም አይደል፣ ጥሎሽ ላይ አነሰ የማይል ዘመድ የለም» አለኝ። «እሷ ግን ለማያውቁኝ ሰዎች መሳቂያ አደረገችኝ» አለ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ሄደ።

ትርሲት፦ እሱን እኮ ያን ማታውኑ አጥፍቼዋለሁ።

ረድኤት፦ አይቶት ነበር።

ትርሲት፦ እናንተ ስትስቁ እኔ ብቻዬን ምን ልሁን? አብሬያችሁ የሳቅኩ እንዲመስል ነው። አፍሬ ነው የለጠፍኩት።

ረድኤት፦ ዛሬስ?

ትርሲት፦ ቆይ። ይኸው፣ አጠፋሁት። እዪው፣ የለም። የሰዓቱንም አልለጥፍም። የእናቱንም ቪዲዮ እሰርዘዋለሁ።

ረድኤት፦ ተዪው። ናሁሠናይ አሁን ጻፈልኝ። ሚዜው ልኮለት አይቶታል።

ትርሲት፦ አይመጣም አለ?

ረድኤት፦ ይመጣል። «ለእናቴ እውነቱን እኔው ነገርኳቸው፤ ከእንግዲህ የምፈራው ሰው የለም» ይላል። «ነገ ሐብሉን እንዳታደርጊው» ብሎኛል።

ትርሲት፦ ስለኔስ ምን አለ?

ረድኤት፦ ያንቺ መሆኑን አያውቅም፤ ቻናሉ ላይ ስምሽ የለም። «የቻናሉን ባለቤት ታውቂያታለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ትርሲት፦ ምን አልሽው?

ረድኤት፦ አላውቃትም አልኩት።