እናትየው የሚውሉበት ቦታ

ከነቀምቴ ወደ ኡኬ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ግንበኛ ውሃ ልኩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከአንዲት እናት ጋር ያወራል።

"ሰውየው እናቱን ከኑኑ ቁምባ አምጥቶ ነቀምቴ ባኬ ጃማ የሠራው አዲስ ቤት አስገባቸው። እሳቸው ግን ወደ ቤቴ መልሰኝ ብለው አስቸገሩት።"

"ቤቱ ምን ጎደለው?"

"ምንም። እሱ ሳሎኑ የጠበባቸው መስሎት አስፋልኝ አለኝ።"

"አሰፋህለት?"

"የለም አዴ። መጀመሪያ እናትህ የት ነው የሚውሉት አልኩት። በሩ ላይ፣ ደረጃዋ ላይ ነው አለኝ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ 'አካም ጂርቱ' እያሉ ሰላም ሲሉ ነው የሚውሉት።"

"ግቡ ብትሏቸው መች ይሰማሉ።"

"እኔም ደረጃዋን አፍርሼ በረንዳ አደረግኩላቸው፣ መደገፊያ ያለው፣ ጣሪያ ያለው።"

"ሀዬ፣ ደግ አደረግህ። አሁንስ ልሂድ ይላሉ?"

"ኧረ ወዴት ሊሄዱ። ሶፋውን ከሳሎን አስወጥተው ጎረቤቱን ሰብስበውበታል።"

"ልጅየውስ?"

"እሱማ መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ነው የሚጫወተው። ትናንት ደውሎ በረንዳውን አስፋልኝ አለኝ።"

ያን ዕለት ቤቴ ስደርስ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁና በሩን ሳልከፍት ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።